የቆረጥኳቸው አሥራ አራት ቀንበጦች

በሕይወቴ ትምህርት ቤት የገባሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ በር ልጠግን። ይህን የምናገረው አፍሬበት ሳይሆን፣ አንባቢው ማን እንደሆንኩ ከመጀመሪያው እንዲያውቅ ብዬ ነው። ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። አናጺነትን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ሌላ ሰው የሠራውን ወንበር ፈትቼ መልሼ ስገጥም ተማርኩት። ራዲዮ ጠግኛለሁ፤ የጭነት መኪና ነድቻለሁ፤ ሦስት ጥርስ ነቅያለሁ፣ አንዱ የራሴ ነው። ናይሮቢ በገባሁ በስምንተኛው ወር ስዋሂሊዬን የሰማ የማታቱ፣ የታክሲ ማለት ነው፣ ረዳት ሞምባሳ ያደግኩ መስሎት ነበር። አሁን ሰማንያን አልፌያለሁ። ዛሬም ቢሆን ተክል የታመመበት የሀገሬ ሰው መጀመሪያ የሚደውለው ለእኔ ነው።

ይህን ያስቀደምኩት፣ ቀጥዬ የማወራው ነገር የደረሰብኝ አዋቂ በመሆኔ ስለሆነ ነው። የማያውቅ ሰው ቢላዋ ከማንሳቱ በፊት ይጠይቃል። እኔ ማንን እጠይቃለሁ?

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ከባለቤቴ ጋር በሞያሌ በኩል ተሻግረን ናይሮቢ ከገባን ሦስተኛ ዓመታችን ነበር። የምንኖረው ኪሌሌሽዋ በሚባል ሰፈር፣ አንድ የቆየ ግቢ ውስጥ፣ ከትልቁ ቤት ጀርባ ባሉ ሁለት ክፍሎች ነው። የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ሰው ሲያዛጋ እንኳ አፉን ይዞ እንዲያዛጋ የሚያዝዙ ሴት። እንደ ሀገሩ ልማድ ‹ማማ› እላቸዋለሁ፤ እሳቸው እኔን ‹ምዜ› ይሉኛል፣ ሽማግሌው ማለት ነው፤ በዕድሜ ግን ይበልጡኝ ነበር። እኔ አትክልቱን እጠብቃለሁ፣ ባለቤቴ ቤቱን ትይዛለች፣ ለዚያ ሁለቱን ክፍል እና ደመወዝ ይሰጡናል። ወረቀታችን ገና አልተስተካከለም ነበር። ከዚያ ግቢ ብንወጣ የት እንደምንወድቅ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ አናወራውም።

በረንዳው ፊት ለፊት አንድ ዘንባባ ነበር። በሀገራችን የምናውቀው ረጅሙ፣ ቅጠሉ እንደ ላባ የሆነው አይደለም። ይህኛው ቅጠሉ እንደተዘረጋ ማራገቢያ ነው፤ ጣቶቹ ጫፋቸው ላይ በመቀስ የተቆረጡ ይመስላሉ። ግንዱ እንደ ምርኩዝ ቀጭን ነው፣ ጥቁር ቡናማ ቃጫ ለብሷል፣ ከሰው ቁመት ትንሽ ይበልጣል። አንድ ግንድ ብቻውን አይቆምም፤ ከአንድ ሥር ብዙ ሆነው ይወጣሉ፣ እንደ ቤተሰብ ተጠጋግተው ይኖራሉ። የዚያኛው ቤተሰብ ሃያ አንድ ነበር። የማማ ባል የባቡር ሠራተኛ በነበሩበት ዘመን፣ ከሞምባሳ በወተት ቆርቆሮ አንዲት ቡቃያ ይዘው መጥተው የተከሉት ነው።

እኔ ስደርስ ዘንባባው ሊሞት ነበር። ከእኔ በፊት የነበረው የሻምባ ሰው፣ አትክልተኛውን እንዲህ ይሉታል፣ ጥላ ይሰጠው የነበረውን ዛፍ ቆርጦ፣ ዘንባባውን ፀሐይ አቃጥሎታል፤ ቅጠሉ እንደ ገለባ ሆኗል። ማንም ምንም አልነገረኝም። አይቼ ብቻ ገባኝ። ከጣውላ ርብራብ ሠርቼ ጥላ አቆምኩለት። የበሰበሰ የላም ፍግ ከሩቅ አመጣሁለት፤ ውኃ በሥሩ እንዳይቆም አፈሩን አቀለልኩ፤ የሞተውን ቅጠል ሳልጎትት በመቀስ አነሳሁ። በዓመቱ ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። የሰፈሩ ሰው አጥር ላይ ቆሞ ያየው ነበር።

ማማ ግን አያዩትም። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበር። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ወንበራቸውን ከዘንባባው አጠገብ አወጣላቸዋለሁ፤ ሻያቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ እጃቸውን ሰደው ቅጠሉን ይዳብሳሉ።

‹‹ለእኔ አረንጓዴ ጭስ ነው፣ ምዜ፤ ድምፁን እሰማለሁ እንጂ መልኩን ረስቼዋለሁ›› አሉኝ አንድ ቀን።

የካቲት ላይ ሞምባሳ ያለችው ልጃቸው ሁለቱንም ዓይኖች በየተራ ልታሠራላቸው ወሰደቻቸው። መኪና ውስጥ ገብተው መስኮቱን አወረዱና እጄን ያዙ።

‹‹በአዲሱ ዓይኔ መጀመሪያ የማየው የባለቤቴን ዘንባባ ነው። ላንተ ትቼዋለሁ።››

‹‹ማማ፣ ከዚህ አምሮ ባይጠብቅዎት ስሜን ይለውጡት›› አልኩ።

ሄዱ።

ሆሳዕና ደረሰ። የዚያን ዓመት የኬንያውያን ሆሳዕና ከእኛ በአራት ሳምንት ቀድሞ አልፎ ነበር። በነሱ ጊዜ በየመንገዱ ዘንባባ የያዙ ሴቶች ነበሩ፤ በእኛ ጊዜ አንድም የለም። የምንሰበሰበው በኪራይ አዳራሽ ነው፤ ሰው ሁሉ ስደተኛ ወይም ነጋዴ ነው። በዓሉ ያለ ዘንባባ እንዳይውል ኮሚቴው ከሞምባሳ በአውቶቡስ አስጭኖ ነበር፤ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሁለት ቀን በፀሐይ ቆመ። ጭነቱ ዓርብ ሲፈታ እንደ መጥረጊያ ደርቆ ተገኘ። ሴቶቹ ቀለበት ሊሠሩበት ሲያጥፉት ይሰበራል።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ምግብ ቤት ያለው ሰው ነው። ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ‹‹እንግዲህ ዘንድሮ የባሕር ዛፍ ቅጠል እናስር?›› አለ።

እኔ ተነሳሁ። ‹‹ዘንባባ ፈልጋችሁ ሞምባሳ ትልካላችሁ? እኔ ቤት አለ›› አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰብሳቢው መጣ። ካሳራኒ ሰፈር የምትኖር አንዲት ሴትዮም አብራው መጣች፤ የዘንባባ ቀለበትና የግንባር ማሰሪያ አሠራር ከእናቷ የወረሰች ናት። ሴትዮዋ ቅጠሉን በጣቶቿ አጥፋ አየችው፤ ራሷን ነቀነቀች።

‹‹ጋሼ፣ ይሄማ መዳፍ ነው። ዘንባባ ነው ይሉታል እንዴ?››

‹‹ከነዘር ማንዘሩ ዘንባባ ነው።››

‹‹እሺ ይሁን። ግን ጠንካራ ነው፣ ሳጥፈው ይሰነጠቃል። አጭርም ነው።››

‹‹የተገለጠውን ስለያዝሽ ነዋ! ለሆሳዕና ነጩ፣ ያልተፈታው ነው የሚፈለገው። ከግንዱ አናት ላይ እንደ ጦር የቆመው፤ ወደ ታች ሲወርድ እንደ ቅቤ ነጭና ለስላሳ ነው። ይህን ላንቺ እኔ ልንገርሽ?››

ባለቤቴ ከኋላችን ቆማ ነበር። ‹‹አንተ ሰው፣ የሰው አደራ አይደለም እንዴ?›› አለች።

‹‹አደራውን የተቀበለው ማነው?››

‹‹አንተ።››

‹‹በቃ። በሀገራችን በየዓመቱ ይቆረጣል፤ በየዓመቱ ያበቅላል። ማማ ሲመለሱ ሁለት እጥፍ ሆኖ ነው የሚጠብቃቸው።››

ሰብሳቢው ቢላዋ አውጥቶ ሊጠጋ ሲል ከለከልኩት። በእኔ ዘንባባ ላይ የሌላ ሰው እጅ አይገባም። የራሴን ቢላዋ ስዬ መጣሁ። ጦሩን በግራ እጄ ይዤ፣ ነጩን ክፍል እስከማገኝ ድረስ ወደ ግንዱ ውስጥ ወርጄ በአንድ ምት ቆረጥኩ። ሲወጣ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፤ የትኩስ በቆሎ ሽታ አለው። ሴትዮዋ ተቀብላ ጣቷ ላይ ጠመጠመችውና ‹‹ውይ! እንደ ሐር!›› አለች። ደስታዋን ሳይ ሁለተኛውን ቆረጥኩ። ከዚያ ሦስተኛውን። ረጃጅሞቹን አስቀድሜ፣ አሥራ አራት ደረስኩ።

አሥራ አምስተኛውን ስይዝ ባለቤቴ መጥታ ከቀሩት ሰባት ግንዶች ፊት ቆመች። ‹‹እነዚህን ለእኔ ተዋቸው›› አለች።

‹‹ምን ልታደርጊያቸው?››

‹‹ምንም። ይቁሙ።››

በሰው ፊት ከሚስት ጋር አልከራከርም፤ ተውኳቸው።

በማግሥቱ አዳራሹ ውስጥ ጣቱ ላይ የዘንባባ ቀለበት ያላሰረ ሕፃን አልነበረም። ቄሱ አመሰገኑኝ፤ ፊት ወንበር አስቀመጡኝ። በዚያ ቀን ናይሮቢ ውስጥ ከእኔ የተሻለ ሰው አልነበረም።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ባለቤቴ ያስጣለቻቸው ሰባቱ ግንዶች እያንዳንዳቸው አዲስ ጦር አወጡ። አሥራ አራቱ ምንም አላወጡም። ቅጠላቸው አረንጓዴ ነው፣ ያበራል፤ አናታቸው ግን እንደተዘጋ አፍ ነው። ወንበር ላይ ቆሜ አየሁ። የቆረጥኩበት ቦታ ቡናማ ሆኖ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል፤ ጣቴን ስከተው እርጥብ ብስባሽ ይዞ ወጣ። ሽታው የበቆሎ ሽታ አልነበረም።

ሌላ ሳምንት ጠበቅኩ። ዝናቡ የዚያን ዓመት ቀጭን ነበር፤ ጥፋቱን በዝናቡ ላይ አደረግኩ። አምስተኛው ሳምንት ላይ ግን እንቅልፍ አጣሁና በእግሬ ወርጄ በመንገድ ዳር ችግኝ ወደሚሸጥ አንድ ሰው ሄድኩ። በላስቲክ የተተከለ እንዲህ ያለ ዘንባባ እንዳለው አውቃለሁ።

‹‹አንድ ወዳጅ አለኝ። እንዲህ ያለ ዘንባባ አለው። የመሐሉን ለጋ ወደ ታች ወርዶ ቆረጠው። መቼ ነው መልሶ የሚያወጣው?›› አልኩት።

‹‹ወዳጅህ ሞኝ ነው፣ ምዜ›› አለ፣ ላስቲክ ውስጥ አፈር መሙላቱን ሳያቋርጥ።

‹‹ሞኝ አይደለም፤ አዋቂ ሰው ነው። በሀገሩ ዘንባባ ሁልጊዜ ይቆረጣል።››

‹‹የሚቆርጡት ሰዎች ጎን ጎኑን ነዋ የሚቆርጡት። የዘንባባ ግንድ ያለው አንድ ራስ ነው። ራሱን ከቆረጥከው አለቀ። ያንተ አንገት ቢቆረጥ ሌላ ያወጣል?››

‹‹ቅጠሉ እኮ አረንጓዴ ነው!››

‹‹ብርጭቆ ውስጥ ያለ ጽጌረዳም ቀይ ነው። ያለውን እየበላ ጥቂት ወር ይቆማል፤ ከዚያ ከታች ጀምሮ ይደርቃል።››

‹‹ምንም ተስፋ የለውም?››

‹‹ግንዱ የለውም። ሥሩ ግን ሕያው ከሆነ ከታች ልጅ ያወጣል። ወዳጅህ አይቆፍር፣ አይጎርጉር፣ ውኃም አያብዛበት። ይጠብቅ።››

‹‹ስንት ጊዜ?››

‹‹ዘንባባ ሰዓት አያስርም።›› ስሄድ ከኋላዬ ጠራኝ። ‹‹ምዜ! ወዳጅህን ቢላዋውን ይደብቅ በለው።››

ሰኔ ላይ ማማ ተመለሱ። መኪናው በር ላይ ሲቆም የለበስኩት ሸሚዝ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ጥቁር መነጽር አድርገዋል። እጄን ይዘው ወረዱ፣ ቤቱን ሳያዩ ቀጥ ብለው ወደ ዘንባባው ሄዱ፣ መነጽሩን አወለቁ።

ዘንባባው ገና አረንጓዴ ነበር፤ ሃያ አንዱም ግንድ እንደቆመ ነው። ንፋስ ነካውና ጣቶቹ ተንቀሳቀሱ።

‹‹እያንዳንዱን ጣት አየዋለሁ›› አሉ። እንባቸው ወረደ። ‹‹ምዜ፣ የሐኪም እጅ ነው ያለህ። ልጄ የከፈለችለት ሐኪም አንተን አያክልም።››

‹‹አመሰግናለሁ ማማ›› አልኩ። የወጥ ቤቱ በር ላይ ባለቤቴ ቆማ ታየኛለች። ዓይኔን ከዓይኗ ላይ አነሳሁ።

ዘጠኝ ቀን እንዲህ አለፈ። በነዚያ ቀናት የማማ አዲስ ዓይን የማያገኘው ነገር አልነበረም። ከጣሪያ ጥግ የሸረሪት ድር አገኙ። ግድግዳ ላይ የቀባሁት ቀለም ከአሮጌው እንደማይመሳሰል አገኙ። ስኳር ዕቃው ውስጥ ጉንዳን አገኙ። እኔ ገና ጎህ ሲቀድ እነሳና፣ ከአሥራ አራቱ ግንዶች ታችኛው ክፍል ቢጫ መሆን የጀመሩትን ቅጠሎች እሳቸው ሳይነቁ ቆርጬ ከማዳበሪያው ጉድጓድ ውስጥ እቀብራለሁ። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ነበር። ስድስተኛው ቀን አምስት። ከሰዓት በኋላ ወንበራቸውን ሳወጣ፣ ከዘንባባው ሁልጊዜ ትንሽ ራቅ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ፤ እሳቸው ሁልጊዜ ጠጋ ያደርጉታል።

በሰባተኛው ቀን ጎንበስ ብለው አንዱን ግንድ አዩ።

‹‹ምዜ፣ የዚህ ራስ ምን ሆኗል?››

‹‹ጠርጌው ነው፣ ማማ።››

‹‹ለምን?››

‹‹ለጤናው።››

‹‹እሺ። አንተ ታውቃለህ›› አሉና ሻያቸውን አነሱ።

በሕይወቴ ብዙ ሰው ‹አንተ ታውቃለህ› ብሎኛል፤ ሁልጊዜም ደስ ብሎኝ ነበር። ያን ቀን ግን ባዶ ማጠጫ አንስቼ ወደ ጓሮ ሄድኩ።

መውጫ መንገድ አዘጋጅቼ ነበር። ምስጥ በላው እላለሁ፤ አሥራ አራቱን ግንዶች ከሥራቸው ቆርጬ አቃጥላለሁ፤ ምስጡንም አብሬ አቃጠልኩት እላለሁ። ይህን ለባለቤቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

‹‹ምስጥ!›› አለች። ‹‹ምስጡ ጢም አለው?››

‹‹ከዚህ ቤት ብንወጣ የት እንደምንገባ አስበሻል?››

‹‹ከሆሳዕና ጀምሮ ሌላ ነገር አስቤ አላውቅም። አንተስ? ሴትዮዋ በየቀኑ ሲያመሰግኑህ ስትሰማ አንገትህ አይጠብም? እስከ ነገ ትነግራቸዋለህ። ካልነገርክ በተሰባበረው ስዋሂሊዬ እኔ እነግራቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ስሙን ሁሉ እያበላሸሁ ነው የምነግራቸው።››

በአሥረኛው ቀን ወንበራቸውን አወጣሁ። አልሄድኩም። ባርኔጣዬን አውልቄ ፊታቸው ቆምኩ።

‹‹ማማ፣ ይህ የሚያዩት ዘንባባ ሞቷል። አሥራ አራቱ ግንድ ሞቷል። አረንጓዴ የሚመስለው ገና ስላልደረቀ ነው።››

የሻይ ስኒውን ቀስ ብለው ሳሩ ላይ አስቀመጡት። ‹‹ማን ገደለው?››

ምላሴ ላይ ሌላ መልስ ነበር፤ ኮሚቴው፣ ሰብሳቢው፣ የካሳራኒዋ ሴትዮ። ሁሉም እውነት ይመስሉ ነበር። ‹‹እኔ›› አልኩ። ‹‹በዚህ ቢላዋ።›› ከኪሴ አውጥቼ ወንበሩ ክንድ ላይ አኖርኩት።

‹‹ለምን?››

‹‹ለሆሳዕና። ዘንባባ አልተገኘም ነበር። ነጩን ለጋ ቆረጥኩት። መልሶ ያበቅላል ብዬ ነው።››

‹‹ሆሳዕና እኮ እኔ ሞምባሳ እያለሁ መጋቢት ውስጥ አልፏል።››

‹‹የእኛ ይዘገያል።››

‹‹ሰው ጠይቀህ ነበር?››

‹‹አልጠየቅኩም።››

እጃቸውን ዘርግተው ቅጠሉን ያዙ፤ እንደ ድሮው ዓይናቸውን ጨፍነው ዳበሱት። ‹‹ለእግዚአብሔር ስትሰጥ የራስህን ትሰጣለህ። የእኔን ባል ቆርጠህ አይደለም የምትሰጠው›› አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። ‹‹ዘጠኝ ቀን ሬሳ እያየሁ አመሰገንኩህ። ዘጠኝ ቀን ዝም ብለህ ሰማኸኝ።››

አንገቴን ደፋሁ። ለእኔ ይህ ብዙ ጊዜ የሚደርስ ነገር አይደለም።

‹‹ከሥሩ ሌላ ያወጣ እንደሆነ አያለሁ፣ ቅዝቃዜው እስኪያልፍ›› አሉ ተነስተው። ‹‹ነሐሴ ሲያልቅ ምንም ከሌለ ሌላ ቤት ትፈልጋላችሁ። አሁን ወንበሬን ወደ ቤት አስገባው።››

ወንበሩ ገባ። ከዚያ ቀን በኋላ ሻያቸውን ውስጥ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው መጠጣት ጀመሩ።

የናይሮቢን ሐምሌ የማያውቅ ሰው ብርድ የደጋ ብቻ ይመስለዋል። ሰማዩ ለሳምንታት እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ዝቅ ብሎ ይከርማል፤ ሣር እንኳ ማደግ ያቆማል። ለዘንባባ ከዚህ የከፋ ወር የለም። እኔ የቻልኩትን አደረግኩ። በሥሩ ዙሪያ ደረቅ ቅጠል አለበስኩ። ውኃውን ጠዋት በጥቁር በርሜል አስቀምጬ፣ ለብ ሲል ከሰዓት በኋላ በጥቂቱ አጠጣሁት። ማታ ማታ በጆንያ ሸፈንኩት። አልቆፈርኩም፤ እጄን ግን ለመያዝ ኪሴ ውስጥ ከትቼ መቆም ነበረብኝ። አሥራ አራቱ ግንዶች አንድ በአንድ ገረጡ፤ ቅጠላቸው ወረደ። ሰባቱ ብቻ በጎን በኩል እንደ ወላጅ አልባ ልጆች ቆመው ቀሩ።

ባለቤቴ በማታቱ ካሳራኒ ሄዳ ክፍል አይታ መጣች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

‹‹እንዴት ነው?›› አልኳት።

‹‹ግድግዳ አለው።››

‹‹አፈርስ?››

‹‹ጫማ ላይ›› አለች። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም አልሳቅንም።

በየጠዋቱ ተንበርክኬ ሥሩን አያለሁ፤ አረንጓዴ ነገር እፈልጋለሁ። የለም። ቡናማ ቃጫ፣ ጥቁር አፈር፣ የድሮ ግንድ ስባሪ። ነሐሴ ገባ፤ ተጋመሰ። የመጨረሻው ሳምንት ደረሰ።

ረቡዕ ጠዋት እንደ ልማዴ ተንበርክኬ ነበር። በሞቱት ግንዶች መካከል የጣት ያህል የሚሆን ስባሪ እንጨት አየሁ፤ ከሳምንት በፊትም አይቼው እሾህ መስሎኝ አልፌዋለሁ። ምናልባት የሚወጣ ቡቃያ ካለ መንገድ ዘግቶበት ይሆናል ብዬ ልነቅለው በሁለት ጣቴ ያዝኩት።

‹‹ተው!››

ማማ በረንዳው ላይ ቆመው ነበር፤ ከሰኔ ወዲህ ወደዚያ ወጥተው አያውቁም። በሌሊት ልብሳቸው፣ በባዶ እግራቸው ሣሩን አቋርጠው መጡ።

‹‹እጅህን አንሳ። እንጨት አይደለም።››

‹‹እንጨት ነው ማማ፣ ቡናማ ነው።››

‹‹ጫፉን እየው።››

አየሁ። ቡናማ ነው። ጠጋ ብዬ አየሁ። ቡናማ ነው።

አጠገቤ ተንበረከኩ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ ሰማሁ። ‹‹ሽፋኑን ቀዶ ጫፉ ወጥቷል፤ አረንጓዴ ነው። የሩዝ ፍሬ ያህላል። አታየውም?››

ዓይኔን በሸሚዜ እጅጌ አበስኩ።

‹‹ምዜ፣ ዓይንህን የታየኸው መቼ ነው?››

‹‹ዓይኔ ደህና ነው።››

‹‹እሺ። እዚህ ስንት ቡቃያ እንዳለ ቁጠርልኝ›› አሉ፤ ድምፃቸው የመማሪያ ክፍል ድምፅ ነበር።

አፈሩን አየሁ፤ አየሁ። ቅድም ከያዝኩት በስተቀር የሚለይልኝ ነገር አልነበረም። ‹‹አንድ›› አልኩ።

‹‹አራት›› አሉ፤ አንድ በአንድ በጣታቸው ሳይነኩ አሳዩኝ። ‹‹አንዱ እዚህ። አንዱ ከዚያኛው ሥር። ሁለቱ ከሰባቱ ጎን። የመጀመሪያውን ደግሞ አሁን ልትነቅለው ነበር።››

ጣቴን ወደ ጫፉ ሰደድኩ፤ አልከለከሉኝም። ለስላሳ፣ ቀዝቃዛ፣ ሹል ነው። በሆሳዕና ዋዜማ ግራ እጄ ውስጥ አሥራ አራት ጊዜ የያዝኩት ያው ነገር ነው። ወጥ ቤቱ በር ላይ ባለቤቴ አፏን በመዳፏ ይዛ ቆማለች።

ማማ ትከሻዬን ተደግፈው ተነሱ፤ ጉልበታቸው ላይ ያለውን አፈር አራገፉ።

‹‹ወንበሬን አውጣው›› አሉ።

በዚያ ግቢ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖርን። በነዚያ ዓመታት የቻልኩትን እዚህ ላይ እጽፋለሁ፤ ሌላ የሚጽፍልኝ የለም።

አሥራ አራቱን የሞቱ ግንዶች ሥር ሳልነካ አንድ በአንድ አውጥቻለሁ።

ከመካከላቸው በጣም ቀጥ ካለው ለማማ ምርኩዝ ሠርቻለሁ፤ እስከ መጨረሻው ያዙት።

አራቱን ቡቃያዎች ከብርድ፣ ከዶሮና ከራሴ እጅ ጠብቄ አሳድጌያለሁ። ግቢውን ስለቅ፣ ሌሎች ልጆች ተጨምረውበት ግንዱ አሥራ ዘጠኝ ደርሶ ነበር።

አንዲት ቡቃያ ከነሥሯ ለይቼ፣ በወተት ቆርቆሮ ተክዬ፣ ሞምባሳ ላለችው ልጅ ልኬያለሁ። ዘንባባው ወደመጣበት ተመልሷል።

ለሆሳዕና የሚሆን የሀገራችን ዓይነት ዘንባባ ከፍሬ በዘይት ቆርቆሮ አብቅዬ ለአዳራሹ ግቢ ሰጥቻለሁ። ሃያ ዘርቼ ዘጠኝ በቅሏል። ጎን ጎኑን እንጂ መሐሉን እንዳይነኩ ኮሚቴውን አስተምሬያለሁ፤ ሰብሳቢውን ሁለት ጊዜ።

ያን ችግኝ ሻጭ ሄጄ፣ ወዳጄ እኔው እንደሆንኩ ነግሬዋለሁ። ‹‹አውቄያለሁ›› አለኝ።

መነጽር ገዝቻለሁ።

ካሳራኒ ሳልኖር ቀርቻለሁ።

ሰባቱን ግንዶች ያተረፍኳቸው ግን እኔ አይደለሁም፤ ባለቤቴ ናት። ፊት ለፊታቸው ቆማ ‹‹ይቁሙ›› ባትል ኖሮ ሁለቱ ቡቃያዎች የሚጠጉበት አይኖራቸውም ነበር። ይህን በሕይወት እያለች ነግሬያት አላውቅም። አሁን መጻፍ ችያለሁ።